ወረፋውን ንገሩን፣ ክኒኑን ተዉት

እስቲ ሰው በተሰበሰበበት "ጨጓራዬን አሞኛል" በሉና ዝም በሉ። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ቡናው ሳይፈላ የመድኃኒቱ ዝርዝር ይሞላል። አንዷ "ተልባ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ" ትላለች። ሌላው "የምን ተልባ! ጥቁር አዝሙድ በማር ነው እንጂ" ብሎ ይነሣባታል። ጥግ የያዙት ጋሼ ደግሞ "በርበሬውን ቀንሺ ብዬሽ አልነበር?" ብለው ጥፋቱን ወደ ታማሚዋ ይመልሱታል። አገሩን ሐኪም አነሰው የሚል ሰው ካለ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ ስለ ጨጓራ አውርቶ አያውቅም ማለት ነው።

ለማጥላላት አይደለም። በእኛ ዘንድ ታመምኩ ያለን ሰው "እግዜር ይማርህ" ብቻ ብሎ መለየት ባዶ እጅን ለጥየቃ እንደመሄድ ነው። ብርቱካን ባይኖረን ምክር ይዘን እንቀርባለን። ዳማከሴውም፣ ጤና አዳሙም፣ ፌጦውም ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲተላለፍ የኖረው በዚህ ደግነት ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ብለን የምንተርተውም ሰው ሕመሙን አውጥቶ እንዲናገር ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ይኸው ምክር ከጓሮ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው።

ድሮ እትዬ ተልባ ሲያዝዙ ታማሚዋ ጎረቤታቸው ናት። ነገ ጠዋት ደጃፍ ላይ ያገኟታል፤ "እንዴት አደርሽ? ተሻለሽ?" ይሏታል። ካልተሻላት ፊቷ ይናገራል። ከባሰባትም እትዬ ናቸው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሐኪም ቤት ይዘዋት የሚሄዱት። በዚያውም "ለካ ተልባው ለሁሉም አይሆንም" ብለው ይማራሉ፤ ለሚቀጥለው ሰው ሲያዝዙ አፋቸውን ትንሽ ይይዛሉ። የመከረ ሰው የምክሩን መጨረሻ ያይ ነበር። ስልክ ላይ ግን የመከረው ሰው ማንን እንደመከረ እንኳ አያውቅም። ይጽፋል፣ ላይክ ይሰበስባል፣ ያልፋል። አድማጩ ይዳን፣ ይባስበት፣ ወሬው አይደርሰውም።

አንድ ፖስት ሥር የተደረደረውን ኮሜንት እስቲ ቁጭ ብለን እናንብብ። ጠያቂዋ ፊቷን በጽጌረዳ ሥዕል የጋረደች ወጣት ናት እንበል። "እህቶቼ፣ ልቤ ሥር የሚያቃጥል ነገር አለ፤ ምን ላድርግ?" ብላለች። የመጀመሪያዋ "አይዞሽ የኔ እናት፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ቀይ ሽንኩርት ተዪ" ትላለች። ሁለተኛው የክኒን ፎቶ ለጥፏል፤ የመድኃኒቱ ስም ግማሹ በአውራ ጣቱ ተሸፍኗል። ሦስተኛዋ "ሦስት ጊዜ ሙሉ መድኃኒት ወስጄ አልጠፋልኝም፤ ሐኪም ቤት ገንዘብሽን አትጨርሺ" ብላለች። አራተኛው "ኢንቦክስ" ብቻ። አምስተኛው ምን እንደተባለ ሳያነብ "አሜን" ብሎ ሄዷል።

ከሁሉም መሃል ዕድሜዋን የጠየቃት የለም። ሕመሙ ወደ ትከሻዋ ወይም ወደ ክንዷ ይሄድ እንደሆነ፣ ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ሳትፈልግ ከስታ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ሐኪም ከማዘዙ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው። ምክንያቱም እኛ "ጨጓራ" ብለን በምንይዘው ቦታ የሐሞት ጠጠርም ያማል። ድንገተኛ የልብ ሕመምም አንዳንዴ ጨጓራን የሚያቃጥል መስሎ ነው የሚመጣው። የጠቆረ ሰገራ ደግሞ ከውስጥ የሚደማ ቁስል ምልክት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱ በተልባ የሚጠበቁ አይደሉም።

ጨጓራን ካነሣን አይቀር፣ የራሱን ሕመም ምስክር አድርጎ በማቅረብ ወደር የሌለውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ባሪ ማርሻል ይባላል፤ አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው። እሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረን ፐርዝ ከተማ ውስጥ የጨጓራ ታማሚዎችን ናሙና ሲመረምሩ አንዲት ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አገኙ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ረዳት ሳይቀር በስሟ የሚያውቃት ኤች ፓይሎሪ ናት። ያን ጊዜ ግን የጨጓራ ቁስል የሚመጣው በጭንቀትና በአሲድ ነው ተብሎ ስለተደመደመ፣ የሚሰማቸው ሰው አጡ። እ.ኤ.አ. በ1984 የማርሻል ትዕግሥት አለቀና ባክቴሪያዋን አራብቶ፣ በፈሳሽ በጥብጦ፣ ጠጣት! ጥቂት ቀን ቆይቶ ያቅለሸልሸው፣ ያስመልሰው ጀመር። የአፉ ጠረን መለወጡን ያወቀችው እናቱ ነበረች፤ የእናት ነገር። በስምንተኛው ቀን በኢንዶስኮፒ ሲታይ ጨጓራው ክፉኛ ተቆጥቶ ተገኘ፤ ባክቴሪያዋም እዚያው ተገኘች።

ይህ ሰው "እኔው ጠጥቼ፣ እኔው ታምሜ አየሁት" ቢል ማን ይከራከረዋል? ተከራከሩት እንጂ! ደግሞም አልተሳሳቱም። አንድ ሰው ነዋ! ጨጓራው መቆጣቱን አሳየ እንጂ ቁስል አላወጣም። ሌሎች ሐኪሞች በብዙ ታማሚዎች ላይ ሞክረው፣ ባክቴሪያዋ በመድኃኒት ስትጠፋ ቁስሉም እንደማይመለስ እስኪያዩ ድረስ ዓመታት ሄዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ቁስሉ በአንቲባዮቲክ ይታከም ያለው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ኖቤሉም ለሁለቱ በ2005 መጣ። ባክቴሪያ የጠጣው ሐኪም አሥር ዓመት ሲጠብቅ፣ እኛ ክኒኑን በአውራ ጣቱ የሸፈነውን ሰው በአሥር ደቂቃ አመንነው።

ሦስተኛዋንም አልረሳኋትም፤ "ሦስት ጊዜ ወስጄ አልጠፋልኝም" ያለችውን። ውሸቷን ላይሆን ይችላል። ለኤች ፓይሎሪ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ሁለት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አንድ ላይ ሆኖ ለ14 ቀን ያህል የሚወሰድ ነው። ገና በሳምንቱ ሲሻላት አቁማው ከሆነ ባክቴሪያዋ ተርፋለች። ሌላው ጣጣ ምርመራው ነው። በደም የሚሠራው ምርመራ ባክቴሪያዋን አያይም፤ የሚያየው ሰውነታችን እሷን ሊዋጋ ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያዋ ከጠፋች በኋላም ይህ ነገር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የዳነች ሴት ደሟን ትሰጣለች፣ "አለብሽ" ትባላለች፣ መድኃኒቱን ደግማ ትወስዳለች፣ ደግማ ትመረመራለች፣ አሁንም "አለብሽ"። መጥፋቷን ለማወቅ የሚሻለው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለውንም ከሁለት ሳምንት በፊት አቁሞ። ልጅቷ ያየችውን ነው የተናገረችው፤ የትኛውን ምርመራ እንዳደረገች ግን አልተናገረችም። ያቺ አንዲት የጎደለች መስመር ሌላዋን ከሐኪም ቤት ታስቀራለች።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። የዳነ ሰው ደስ ብሎት ይጽፋል። ያልዳነ ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል። የሞተ ጭራሽ አይጽፍም። ስለዚህ "በዚህ ቅጠል ዳንኩ" የሚሉ ሃያ ሰዎች ተሰልፈው ብናይ፣ ያየነው የዳኑትን ብቻ ነው። ብዙው ሕመም ደግሞ፣ ጉንፋኑም፣ የወገብ ቁርጥማቱም፣ የሆድ ቁርጠቱም፣ ቢያክሙትም ባያክሙትም ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። ሊሄድ ሲል የተጠጣው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል።

ይህንን በአገር ደረጃ ያየነው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ሰው ይሻማባቸው ጀመር። ስልኩ ሁሉ "ቀቅላችሁ ታጠኑ፣ ለምትወዱት ሁሉ ሼር አድርጉ" በሚል ቮይስ ተሞላ። ነጋዴው ዋጋ ሰቀለ፣ መንግሥት ሱቅ አሸገ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፣ ከቫይረሱ ለመከላከሉ ግን ማስረጃ የለም አለ። ዋና ዳይሬክተሩ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብለው ሙኒክ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ የገጠመን ወረርሽኙ ብቻ ሳይሆን የወሬ ወረርሽኝም ጭምር ነው ብለው ነበር።

ነጭ ሽንኩርት ቢበዛ አፍ ያሸታል። ሁሉም ወሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ባስጨነቀበት በ2014 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ውስጥ የጨው ውሃ ያድናል ተብሎ ሲወራ ጠጥተው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ኢራን ውስጥ በኮሮና ጊዜ አልኮል ቫይረሱን ይገድላል ሲባል ሰምተው መርዛማውን ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ዋትስአፕ በ2020 ብዙ እጅ ያለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው ወይም ግሩፕ ብቻ እንዲላክ ቢገድብ፣ እንዲህ ያለው መልእክት 70 በመቶ መቀነሱን ተናገረ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ስልክን አላዩም።

የሕክምና ዜናውም ከዚህ አይሻልም። "የስኳር መድኃኒት ተገኘ!" የሚል ርእስ ስታዩ መጀመሪያ "ለሰው ነው ለአይጥ?" ብላችሁ ጠይቁ። አይጥ ላይ ሠርቶ ሰው ላይ የከሸፈው መድኃኒት ብዙ ነው። ቀጥሎ "ስንት ሰው ላይ?" በሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ኩፍኝ ክትባትና ኦቲዝም ያወጣው ጽሑፍ የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። ያተመው መጽሔት፣ ላንሴት፣ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። ወሬው ግን መሰረዙን አልሰማም፤ እስካሁን በየቤቱ ይዞራል፤ በአማርኛም ጭምር።

"እንግዲያው ዝም እንበል?" ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል ኤችአይቪ አሳይቶናል። "ያ በሽታ" እያልን፣ ስሙን ሳንጠራ ስንቀብር በኖርንበት ዘመን፣ ከፊት ቆመው "አለብኝ" ያሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እንደ "ተስፋ ጎህ"ና "መቅድም" ያሉት ማኅበራት የእነዚህ ሰዎች ናቸው። አከራይ ሊያስወጣቸው፣ ዘመድ ሊሸሻቸው እንደሚችል እያወቁ ፊታቸውን ለካሜራ ሰጡ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ሄዶ ለመመርመር የእነሱን ፊት ማየት ያደፋፈረው ሰው ብዙ ነው።

በዚያው ዘመን ደግሞ "ተጠምቄ ነፃ ሆንኩ፣ ክኒኑን ጣልኩት" የሚል ምስክርነትም ይሰማ ነበር። እንጦጦ ጠበል ወጥተው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና አይጣሉም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የራሳቸውን ታሪክ ነው የተናገሩት። አንዱ ታሪኩን ነግሮ "ሄዳችሁ ተመርመሩ" አለ፤ ሌላው ታሪኩን ነግሮ "መድኃኒታችሁን ጣሉ" አለ። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ምን እንደሚሠራ በሌላም አገር ታይቷል። ዴቭ ዲብሮንካርት የሚባል አሜሪካዊ በ2007 እ.ኤ.አ. ትከሻውን አሞት ራጅ ሲነሣ ሳንባው ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ከኩላሊት ተነሥቶ የተሠራጨ ካንሰር ነበር። የሚከታተለው ሐኪም ራሱ፣ በኢንተርኔት የሚገናኙ የካንሰር ታማሚዎች አሉና አግኛቸው አለው። አገኛቸው። ዝንጅብል ቀቅል አላሉትም። ኢንተርሊውኪን የሚባል ሕክምና መኖሩን፣ በየሆስፒታሉ እንደማይሰጥ፣ ለሁሉም እንደማይሠራ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከባድ መሆኑን፣ እነማን ሐኪሞች እንደሚሰጡት ነገሩት። እሱም ይህንኑ ይዞ ሕክምናውን ወደሚሰጡት ሄደ፤ ታከመ፤ ዳነ። ያ ሁሉ ሰው አንዲት ክኒን አላዘዘለትም፤ ማንኳኳት ያለበትን በር ነው ያሳየው።

"ሎንግ ኮቪድ" የሚለውን ስምም ያወጡት ሐኪሞች አይደሉም። ኤሊሳ ፔሬጎ የምትባል ጣሊያናዊት አርኪዮሎጂስት በግንቦት 2012 ዓ.ም. ገደማ ሕመሟ አልለቅ ቢላት ትዊተር ላይ የጻፈችው ነው። ቶሎ ይሻላችኋል ተብለው ወራት አልፎ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ሰዎች ከየአገሩ "እኔም! እኔም!" አሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሕመም የሕክምና ትርጓሜ አወጣለት። ሕመምን አጥርቶ መናገር ሐኪሙንም ያስተምራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የኤ.ኤል.ኤስ. ታማሚዎች ነገር ነው። ይህ በሽታ ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ ቀስ በቀስ እየሞተ መራመድን፣ መናገርን፣ በመጨረሻም መተንፈስን የሚነሣ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በጥቂት ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሊቲየም የሚባለው የቆየ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በሽታውን ያዘገያል አለ። ጊዜ የሌለው ሰው እንዴት ይጠብቅ? ታማሚዎቹ ሐኪሞቻቸውን እያሳዘዙ መውሰድ ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ የእኛው ታሪክ ነው፤ ሰማን፣ ሞከርን። የሚለየው ቀጥሎ ያደረጉት ነው። "ፔሸንትስ ላይክ ሚ" በተባለ የታማሚዎች መድረክ ላይ የወሰዱትን መጠን፣ ያገኛቸውን የጎንዮሽ ጉዳት፣ አቅማቸው ምን ያህል እንደቀነሰ በየጊዜው መዘገቡ። ሊቲየም የወሰዱ 149 ሰዎች፣ ካልወሰዱ መሰሎቻቸው ጋር ተነጻጸሩ። ውጤቱ በ2011 ታተመ፤ ሊቲየም አልረዳም። በኋላ በሕክምና ባለሙያዎች የተደረጉት ሙከራዎችም ያንኑ አረጋገጡ።

አስቡት እንግዲህ። ለመዳን ከማንም በላይ የጓጉ ሰዎች "አልሠራም" የሚለውን መልስ ራሳቸው ቆጥረው አወጡት። እትዬ ደጃፍ ላይ ቆመው "ተሻለሽ?" የሚሉትን ጥያቄ ስልክ ላይ አመጡት ማለት ነው። በእኛ ግሩፕ ውስጥ "ያ ባለፈው የላክሁላችሁ ነገር አልሠራልኝም" ብሎ ተመልሶ የጻፈ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ጉዳችን ልውሰዳችሁ። ካንሰር ሲገኝ ቤተሰብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይይዝና "እባክህ ለእሷ አትንገራት" ይለዋል። እሷም "ትንሽ ቁስለት ነው" ተብላ ትተኛለች። በዚያው ምሽት የምርመራ ወረቀቷ ከነሙሉ ስሟ፣ ከነዕድሜዋ፣ ከነካርድ ቁጥሯ "እናታችንን እንታደጋት" በሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ታማሚዋ አታውቅም፤ ዱባይ ያለችው የጎረቤት ልጅ ታውቃለች። በማግስቱ አንዲት ጠያቂ ብርቱካኗን አንጠልጥላ ትገባና "አይዞሽ እማማ፣ ካንሰር እኮ ዛሬ ይድናል" ብላ መርዶዋን ታረዳታለች።

ገንዘብ ማሰባሰቡን የምቃወም አይምሰላችሁ። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው፤ የትኛው ደመወዝ ይችለዋል? ሰው በሰው ነው የሚቆመው። ነገር ግን ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ። ማረጋገጫ የሚፈልግ ካለ ገንዘቡን ለሚሰበስቡት ሽማግሌዎች ይታይ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ስሙና ካርድ ቁጥሩ የተሸፈነ ይሁን። በግልጽ የተለጠፈ ወረቀት ነገ በሌላ ሰው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ታጅቦ ሊለጠፍ ይችላል። ታማሚው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ያድጋል፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ የተሰካበትን ፎቶ የክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የጤና መረጃ በሕግ ፊት የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

"እኛስ ከቤተሰብ ግሩፕ አናልፍም" የሚል አይጠፋም። ደግ ነው፤ እዚያ ቢያንስ ሜሪላንድ ያለችው ነርስ አለች። ሁሉም ቤተሰብ አንዲት አትጠፋውም። የአዲስ አበባ ጠዋት የእሷ እኩለ ሌሊት ነው፤ የእማማ የደም ውጤት ግማሹ ደብዝዞ፣ ግማሹ ተቆርጦ በፎቶ ይደርሳታል፤ ሳትመልስ ካደረች "ረሳሽን" ትባላለች። ብልህ የሆነችው ነርስ ታዲያ ከዚያ ሆና መድኃኒት አትቀይርም። "ለሐኪሟ ይህንንና ይህንን ጠይቁልኝ። የምትወስደውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉላት፤ የባህሉንም ሳትደብቁ" ትላለች። የባህሉንም ማለቷ በዋዛ አይደለም። ለምሳሌ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ የልብ ታማሚ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ቢጨምርበት ደም የመፍሰስ አደጋ አለው። ሐኪሙ ይህንን የሚያውቀው ከተነገረው ብቻ ነው።

እንዴት እንናገር ላላችሁኝ፣ አንዲት የማውቃት ሴት ለጓደኞቿ የጻፈችውን ልንገራችሁና ላብቃ። ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ጠጠር መሳይ ነገር በእጇ መንካቷን ጻፈች። ስላላመማት ችላ ብላው መክረሟን፣ ሐኪሙ ግን "አለማመሙ አያዘናጋሽ" እንዳላት ጻፈች። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ካንሰር የጡት ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ዘግይተው ነውና ይህቺ መስመር ብቻዋን ዋጋ አላት። በአልትራሳውንድ እንዴት እንደታየች፣ ናሙናው በመርፌ ሲወሰድ ምን ያህል እንደሚያም፣ ውጤቱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ስንት ብር እንደከፈለች፣ የትኛው መስኮት ላይ ካርድ እንደሚወጣ፣ አንዱንም አላስቀረችም። ምን ታዘዘልሽ ሲሏት "እሱ ለኔ የታዘዘ ነው፤ ለናንተ የሚሆነውን እዚያው ይነግሯችኋል" ብላ ዘጋችው። ከወራት በኋላም ተመልሳ እንዴት እንደሆነች ጻፈች፤ የተሻላትንም፣ ያልተሻላትንም።

የመጀመሪያ መልእክቷ የሚያበቃው እንዲህ ብሎ ነው፦ "ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ባል ያላችሁ ባላችሁን ይዛችሁት ሂዱ፤ ሌላው ቢቀር ወረፋ ይይዛል።" ከሥሩ ቀድሞ የገባው ኮሜንት ከሚስቱ ስልክ የጻፈ የአንድ ባል ነው፤ "በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?" ይላል።